ለአንድ እስክሪብቶ የሚበቃ እንጨት

ከእንጨት ሥራ ቤት ወለል ላይ ከሰጋቱራው ጋር ተጠርጎ የሚጣል ቁርጥራጭ 13 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ካለው ለአንድ እስክሪብቶ ይበቃል። በአሜሪካና በእንግሊዝ በትርፍ ጊዜያቸው የእንጨት ቶርኖ የሚሠሩ ብዙ ሰዎች ይህን ካወቁ ቆይተዋል። ከወይራ፣ ከዋልነት፣ ከአሮጌ የውስኪ በርሜል ሳይቀር እስክሪብቶ እያወጡ ለወዳጅ ይሰጣሉ፤ በባዛርም ይሸጣሉ። የብረቱን ክፍል ግን አይሠሩትም። ጫፉ፣ የመሐል ቀለበቱ፣ የኪስ ማንጠልጠያው፣ ሲዞር ቀለሙን የሚያወጣውና የሚመልሰው ክፍል እንዲሁም የነሐስ ቱቦዎቹ ተሟልተው በአንድ ከረጢት ይገዛሉ። ይህ «ኪት» የሚባለው ነው፤ ቀላሉ ዓይነት በጥቂት ዶላር ይገኛል።

በሙያው ውስጥ ኪትን የሚንቁ አሉ። «ፋብሪካ የሠራውን ዕቃ እንጨት አልብሶ መግጠም የእጅ ሥራ አይባልም» ይላሉ። ነቀፋው የሚያስኬደው መሰርሰሪያው እንጨቱን እስኪነካ ድረስ ብቻ ነው።

በብዛት በሚሠራው ቀጭን እስክሪብቶ ቱቦው 7 ሚሊ ሜትር ነው። እንጨቱ ለሁለት ተቆርጦ መሐል ለመሐል በዚያው ልክ ይበሳል። መሰርሰሪያው በጥድፊያ ከተገፋ ይግላል፤ ሙቀቱም እንጨቱን ይሰነጥቀዋል። በመውጫው በኩል ደግሞ ጫፉን ገንጥሎ የመውጣት ጠባይ አለው። ስለዚህ የለመደ ሰው መሰርሰሪያውን ቶሎ ቶሎ ወደ ኋላ እየሳበ ሰጋቱራውን ያራግፋል፤ እንጨቱንም ከሚፈለገው ልክ ትንሽ አስረዝሞ ይቆርጣል። ቱቦው በሱፐር ግሉ ወይም በኢፖክሲ ይጣበቃል። የእንጨቱ ሁለት ጫፎች ከቱቦው ጋር እኩል ሆነው ቀጥ ብለው መስተካከል አለባቸው፤ አለዚያ ብረቱ ሲገጠም ክፍተቱ ለዓይን ይታያል። ከዚያ በኋላ በቀጭን የብረት ዘንግ ተሰክቶ ቶርኖው ላይ ይወጣል፤ በደቂቃ ከ2000 ዙር በላይ እየተሽከረከረ በመሮ ይቀረጻል። በመጨረሻ ጫፎቹ ላይ የሚቀረው እንጨት ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ያንሳል! ያልተሳለ መሮ ወይም ትንሽ የእጅ መሳት እስከዚያ የተደከመበትን ሁሉ በቅጽበት ብትንትኑን ያወጣዋል።

በደንብ ያልደረቀ እንጨት ደግሞ ጣጣው ቆይቶ ነው የሚመጣው። እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ውስጡ ያለው ነሐስ አይኮማተርም። እንከን የለሽ ሆኖ የተሸጠው እስክሪብቶ ከወራት በኋላ በርዝመቱ ተሰንጥቆ ይገኛል። የእንጨትን ጠባይ ለጀማሪ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ፣ በዚህ ዋጋ የሚገኝ ትምህርት የለም።

ከመሮው በኋላ የብርጭቆ ወረቀት እየለሰለሰ ይከተላል፤ ሰም፣ ቨርኒሽ ወይም ስስ የሱፐር ግሉ ንጣፍ ያበቃዋል።

ኪት መጨረሻም አይደለም። የቶርኖ ባለሙያዎቹ ኪፕ ክሪስተንሰንና ሬክስ በርኒንግሃም በ1999 እ.ኤ.አ. እስክሪብቶና እርሳስ በቶርኖ ስለ መሥራት አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳትመዋል፤ ሙያው ያን ያህል ስፋት አለው። ከዚያም አልፈው የመጋጠሚያውን ጥርስ ራሳቸው እያወጡ፣ ማንጠልጠያውን ራሳቸው እያጠፉ፣ ከጀርመን አምራቾች የቀለም ብዕር ምላስ ብቻ ገዝተው የቀረውን በእጃቸው የሚሠሩ አሉ። አብዛኞቹ የጀመሩት ግን በኪት ነው። ከሻጭ የሚጠበቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ብረቱ የፋብሪካ፣ እንጨቱ የእጁ መሆኑን ለገዢው በግልጽ መናገር።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን በ1995 እ.ኤ.አ. ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ፣ የዓይን መነጽርና የተከፈተ መስኮት የሌለበት ቤት ውስጥ ይህ ሥራ መጀመር የለበትም።

ፋብሪካ በርካሽ እያመረተው ይህ ሁሉ ድካም ለምን ያስፈልጋል? የሀንጋሪው ጋዜጠኛ ላስሎ ቢሮ ጫፉ ላይ ኳስ ላለው እስክሪብቶ የፈጠራ መብት ያስመዘገበው በ1938 እ.ኤ.አ. ነበር። የፈረንሳዩ ቢክ በ1950 እ.ኤ.አ. ክሪስታል የተባለውን ለገበያ ካቀረበ በኋላ እስከ 2006 ድረስ ከ100 ቢሊዮን በላይ ሸጧል። ርካሽ እስክሪብቶ ለሚሊዮኖች ተማሪዎች ባለውለታ ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ቀለሙ ሲያልቅ ግን ፕላስቲኩ ይጣላል። የእንጨቱ እስክሪብቶ ቀለሙ ይቀየርለታል እንጂ አይጣልም። ኪት የሚመርጥ ሰው የፓርከር ዓይነት ቀለም የሚቀበለውን ቢመርጥ ይሻላል፤ ልኩ ዓለም አቀፍ በመሆኑ ብዙ አምራቾች ይሠሩታል።

ጉዳዩ ኢትዮጵያን የሚነካው በእንጨቱ በኩል ነው። ከቤተልሔም የሚመጣ የወይራ እንጨት ለእስክሪብቶ ተቆራርጦ በአሜሪካ ይሸጣል። እናቶች የወተት ዕቃ የሚያጥኑበት የኢትዮጵያ ወይራ የዚያው ዛፍ አፍሪካዊ ዘር ነው፤ ክብደቱና ጥቁር ቡናማ መስመሩ ለዚህ ሥራ እጅግ ይመቻል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶ፣ ጽድ፣ ዝግባና ዋንዛ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሏል፤ ትክክልም ነበር። እስክሪብቶ ግን አዲስ ዛፍ አይጠይቅም። የተሰበረ የዋንዛ ወንበር እግር ለበርካታ እስክሪብቶዎች ይበቃል። በጅማና በሲዳማ ያረጀ ቡና ሲጎነደል የሚወርደው ግንድም ብዙውን ጊዜ ማገዶ ነው የሚሆነው። በሌላው ዓለም ግን የቡና እንጨት በእስክሪብቶ ሠሪዎች ዘንድ ተፈላጊ ነው። «ይህ ከጅማ ቡና የተሠራ ነው» ተብሎ የሚሰጥ እስክሪብቶ ለእንግዳ የሚሆን ስጦታ ነው።

ኪቱ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ መሆኑ እውነተኛ ችግር ነው። የሚዞረውን ክፍል አገር ውስጥ መሥራት ለጊዜው ይከብዳል፤ ቀለበቱንና ጫፉን ግን የብረት ቶርኖ የሚያውቅ ሠልጣኝ ከነሐስ ሊያወጣው ይችላል። የእንጨትና የብረት ሥራን በአንድ ግቢ የሚያስተምሩ የፖሊ ቴክኒክ ኮሌጆች ሁለቱን ሠልጣኞች አንድ እስክሪብቶ ላይ ማገናኘት ይችላሉ፤ ይገባቸዋልም። በየስብሰባው አርማ የታተመበት የፕላስቲክ እስክሪብቶ የሚያድሉ መሥሪያ ቤቶችም ለእንግዶቻቸው ጥቂቶቹን ከእነዚህ ሠልጣኞች ቢያዙ የመጀመሪያው ገበያ ይኖራል።

የእንጨት ሥራ ቤት ያላችሁ ደግሞ የወይራና የዋንዛውን ትርፍራፊ ምድጃ ከመግባቱ በፊት ለዩት። ጫፍና ጫፉን ሰም ወይም የቤት ቀለም ቀብታችሁ ፀሐይ በማያገኘው፣ ነፋስ በሚገባበት ቦታ አስቀምጡት፤ ቀስ ብሎ ሲደርቅ በቀላሉ አይሰነጠቅም።