የጤና ሚኒስትሮች ሥልጠናና ሚዛኑ

የአሜሪካው ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የልዩ ልዩ መንግሥታትን ሚኒስትሮች፣ የጤና ሚኒስትሮችንም ጭምር፣ እየሰበሰበ ስለ አመራር ሲያሠለጥን ቈይቷል። ሐሳቡ የሚነቀፍ አይደለም፤ ከሐኪምነት ወደ ሚኒስትርነት ያለፈ ሰው የተማረው በሽታን መመርመር እንጂ በጀትን መመርመር አይደለምና። ነገር ግን የሥልጠናው ፍሬ በምን ይመዘናል?

አሜሪካዊው ሊቅ ዶናልድ ከርክፓትሪክ በ1959 መጻፍ በጀመረው ጽሑፍ አራት ደረጃ አስቀምጧል፤ ይኸውም የሠልጣኙ መደሰት፣ ዕውቀት መጨበጡ፣ አሠራሩን መለወጡ፣ በመጨረሻም የሥራው ውጤት ነው። የመጀመሪያው በአንድ ቅጠል ወረቀት ተጠይቆ የሚታወቅ ስለ ሆነ አዘጋጆች ብዙ ጊዜ በዚሁ ይረካሉ። ነጋዴ ግን የዓመቱን ሒሳብ ሳይዘጋ አተረፍሁ አይልም።

የአፍሪካ መንግሥታት በ2001 አቡጃ ላይ ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ለመመደብ ቃል ቢገቡም አብዛኞቹ አልፈጸሙትም። እንግዲህ የሠለጠነው ሚኒስትር እውነተኛ ፈተና የሚጠብቀው በገንዘብ ሚኒስትሩ ጠረጴዛ ፊት ነው።

ከሁሉ የሚከፋው የጊዜው ማጠር ነው። በኢትዮጵያ ከ2012 እስከ 2024 ድረስ አምስት ሰዎች ለጤና ሚኒስትርነት ተሹመዋል፤ ፕሮፌሰር ይፍሩ ብርሃንና ዶክተር አሚር አማን እያንዳንዳቸው ከሁለት ዓመት አልዘለሉም። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ግን ከ30 ሺሕ በላይ ሠራተኞችን በየቀበሌው ለማሰማራት ብዙ ዓመታት ጠይቋል። ስለዚህ ሚኒስትሩ ሲሻር በቦታቸው የሚቀሩት የመምሪያ ኃላፊዎች አብረው ይሠልጥኑ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም የሚመረመረው የምስክር ወረቀቱ ሳይሆን መድኃኒቱ ከዋናው መጋዘን ወጥቶ ወረዳው ጤና ጣቢያ የደረሰበት ቀን ይሁን።