ጣት ከመቀሰር በፊት ናሙና ይወሰድ

በሀብሩ ወረዳ በውርጌሳና በመርሳ ዙሪያ በመስኖ የሚያለሙ አርሶ አደሮች ሽንኩርትና ቲማቲማቸውን ለገበያ ያቀርባሉ። አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት (አተት) ተከሰተ ሲባል ጥርጣሬ ቀድሞ የሚያርፈው በጥሬው በሚበላ አትክልት ላይ ነው። ጥርጣሬው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። የሚለየው ግን ላቦራቶሪ እንጂ ወሬ አይደለም።

ጀርመን በ2003 ዓ.ም የገጠማት ለዚህ ማሳያ ነው። ኢ. ኮላይ የተባለ የአንጀት ባክቴሪያ ከ3 ሺህ 800 በላይ ሰዎችን አሳምሞ ከ50 በላይ ገደለ። በመጀመሪያ የተወነጀለው የስፔን ኪያር ነበር። ገበያው ተዘጋ፤ የስፔን ገበሬዎች ምርት ተደፋ። በላቦራቶሪ ሲጣራ ግን በኪያሩ ላይ የተገኘው ባክቴሪያ ከሕሙማኑ የተለየ ዓይነት ሆነ። በኋላ በፈረንሳይ የታመሙ ሰዎች ላይ ያው የጀርመኑ ዓይነት ተገኘ። የግዥ ሰነዶች ሲመረመሩም ሁለቱን አገሮች ያገናኘው ከግብፅ የገባ የአብሽ ዘር ነበር።

ከብት በመለያ ምልክቱ እንደሚታወቅ ሁሉ በስም አንድ የሆነ ባክቴሪያም በዘረመሉ ይለያል። የታማሚውና የውኃው ባክቴሪያ ዓይነት ከገጠመ ምንጩን ለመድረስ ይቀላል፤ ካልገጠመ ፍለጋው ወደ ሌላ ይዞራል።

ጉዳዩ ለክልላችን ሩቅ አይደለም። በ2015 ዓ.ም በቋራ ወረዳ በበርሜል ጊዮርጊስ ጠበል አካባቢ ኮሌራ ተከስቶ ነበር። ሰው ከየአቅጣጫው በሚሰባሰብበት ቦታ የተነሳ በሽታ ከተጓዡ ጋር ሊሄድ ይችላል። የደሴ ወልድያ መንገድ የሚያቋርጣት ውርጌሳም ከዚህ ስጋት ነፃ አይደለችም።

ስለዚህ የወረዳው ጤናና ግብርና ጽሕፈት ቤቶች በሽታ ሲከሰት አብረው ሊወጡ ይገባል። ከመጀመሪያዎቹ ታማሚዎች ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ከመጀመራቸው በፊት የሰገራ ናሙና ይወሰድ፤ የፈሳሽ ሕክምናው ግን ለደቂቃም አይዘግይ። በዚያው ቀን ከጉድጓዱና ከመስኖ ቦዩ ናሙና ተወስዶ በአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ደሴ ቅርንጫፍ በኩል ለምርመራ ይላክ።

አርሶ አደሩም ገበያዬ ይዘጋል ብሎ በሽታ አይደብቅ፤ ያልተብላላ ፍግ በአትክልት ላይ አይጨምር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ናሙና የሰጠ ግን ጥፋቱ የእሱ ካልሆነ ማስረጃ ይኖረዋል፤ የእሱ ከሆነም ሌላ ሰው ሳይሞት ያርመዋል።