ብሎን ያለው አንገት እስክስታ ይችላል?

«የ29 ዓመት ወጣት ስሆን የምተዳደረው በታክሲ ሹፌርነት ነው። ከአምስት ወር በፊት አንገቴን ኦፕራሲዮን ሆኜ ሁለት አጥንቶቼ በብረትና በብሎን ተያያዙ። እጄን ያደነዝዘኝ የነበረው ለቆኛል። ሐኪሙ የአንገት ድጋፉን አውልቅ ቢለኝም ፈርቼ ሳላጠልቀው ከቤት አልወጣም። ሥራም ኳስም ቀርቷል። እጮኛዬ የሠርጉን ቀን ቁረጥ እያለች ነው። ጓደኞቼ ደግሞ ‹አንተ ከእንግዲህ ተሰባሪ ዕቃ ነህ› ይሉኛል። በሠርጌ ቀን እንደ ሐውልት ተገትሬ ልውል ነው ወይ?»
አንገተ ደንዳናው፣ ከአዲስ አበባ

ውድ ጠያቂያችን፣ የብዕር ስምህ አስቆናል። እንዲህ መቀለድ ከቻልክ ገና ብዙ አቅም አለህ።

አንገት ሰባት አጥንቶች አሉት፤ ያንተ የተያያዙት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ጭንቅላትን ወደ ግራና ቀኝ የማዞሩን ግማሽ ያህል ሥራ የሚሠሩት ከሁሉም በላይ ያሉት ሁለቱ ሲሆኑ፣ እጅ የሚያደነዝዘው ችግር የሚነሳው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከታችኞቹ ነው። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የተያያዘለት ሰው የሚያጣው እንቅስቃሴ ትንሽ ነው።

ብሎኑም ቢሆን ኮንክሪት እስኪደርቅ እንደሚያቅፈው ጣውላ ማለት ነው። ዋናው አጥንቱ መግጠሙ ነው፤ ይህም ወራት፣ አንዳንዴም እስከ ዓመት ይወስዳል። ሲጋራ ደግሞ ያዘገየዋል። (ከጫት ጋር «አንዲት ብቻ» የምትባለዋም ትቆጠራለች!)

የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋቹ ፔይተን ማኒንግ እ.ኤ.አ. በ2011 አንገቱ እንዳንተው ተያይዞ ሙሉ የውድድር ዘመን አመለጠው። በ2012 ተመለሰ፤ በ2013 ደግሞ 55 የጎል ኳሶችን አቀብሎ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ። ያውም ሰው በሰው ላይ በሚወድቅበት ጨዋታ! እርግጥ እሱን ብዙ ባለሙያ ይከታተለው ነበር። አንተም ነገውኑ ቴስታ ምታ አላልንም።

መጀመሪያ ሐኪምህ ዘንድ ሄደህ ራጅ ተነሣ። አውልቅ የተባለውን ድጋፍ ግን አውልቅ፤ ያለ ትእዛዝ ሲቆይ የአንገትን ጡንቻ ያሰንፋል። በእግር መሄድ ጀምር፤ ዛሬ አሥር ደቂቃ፣ ሲለመድህ ግማሽ ሰዓት። ፊዚዮቴራፒስት ካገኘህ ደግሞ ጡንቻውን በሥርዓት ያጠነክርልሃል። ጀሪካንና ጆንያ ለጊዜው ሌላ ሰው ያንሣ። መሪ የምትጨብጠው ሐኪሙ ሲፈቅድልህ ብቻ ነው፤ ዞር ብሎ ማየት ያቃተው ሹፌር ለተሳፋሪውም አደጋ ነው።

እስክስታውን በተመለከተ፣ አጥንቱ ገጥሟል ከተባልክ በትከሻህ ቀስ እያልክ ቤትህ ውስጥ ተለማመድ። አንገት የሚወረወርበትን ጭፈራ ግን ሐኪምህን ሳትጠይቅ አትሞክር። ሚዜዎችህም ወደ ላይ እንዳያነሱህ ከወዲሁ ንገራቸው። ፀጉር ቆራጭህ «ላፍታታህ» ብሎ አንገትህን ቀጭ እንዳያደርግ፤ ወጌሻም እንዳይነካህ።

እጅህ እንደገና ከደነዘዘ ወይም ዕቃ ከጣለ፣ እግርህ ከከበደህ፣ ሽንትህን መቆጣጠር ካቃተህ፣ ትኩሳት ከያዘህ ወይም ቁስሉ ፈሳሽ ካወጣ ቀጠሮ አትጠብቅ፤ ያኑ ቀን ሆስፒታል ሂድ።