ስልክ አልሆንም ያለው ኮምፒዩተር

እኔ ቆሰበር ደርሼ መጣሁላችሁ። ያቺ «እንጅባራ» ስትሏት «ቆሰበር»፣ «ቆሰበር» ስትሏት «እንጅባራ» የምትባል ብርዳም ከተማ! የሄድኩት ለሠርግ ነበር፤ የተመለስኩት ግን የኮምፒዩተር ወጌሻ ሆኜ ነው።

አንዲት የማውቃት ልጅ አለች (ስሟን ለጊዜው ተዉት)። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ተመዝግባ የአንድሮይዱን ትምህርት ይዛለች። ስልኳ ግን የሠራችውን የምትሞክርበት አይደለም። እናትየው ዕቁብ ሲደርሳቸው ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዙላት። ኢሙሌተር የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ስልክ ሆኖ ይቀመጣል። ጫነችው፣ ከፈተችው፣ «ቨርቹዋላይዜሽን ተዘግቷል» ብሏት እርፍ!

አንዱ ሱቅ ወሰደችው። «ፕሮሰሰሩ አርጅቷል፣ ይቀየር» አሏት። ብሩ ከየት ይምጣ? እናትየውም «ዕቁቤን ውሃ በላው» ብለው ልጃቸውን አኮረፉ። እኔ የደረስኩት በኩርፊያው በሦስተኛው ቀን ነው።

ኮምፒዩተር ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ስነካካ የለመድኩት ነው። መጀመሪያ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭኜ ታስክ ማናጀርን ከፈትኩ። ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሲፒዩ። ከታች «ቨርቹዋላይዜሽን፦ ዲሴብልድ» ይላል። አያችሁ? አቅሙ አለው፣ ተቆልፎበት ነው እንጂ! ኢንቴል ይህን አቅም ፕሮሰሰር ላይ ማስገባት የጀመረው በ2005፣ ኤኤምዲ ደግሞ በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በኋላም ርካሽ ሆነው ያለ እሱ የወጡ አሉ፤ የእሷ ግን ከእነዚያ አይደለም።

ቁልፉ ያለው ባዮስ ውስጥ ነው። ማሽኑ ሲነሣ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ 10ን፣ ዴል ከሆነ ኤፍ 2ን ደጋግማችሁ ትጫናላችሁ። «ቨርቹዋላይዜሽን ቴክኖሎጂ» ወይም «ቪቲ ኤክስ» የሚለውን ፈልጉ፤ ኤኤምዲ ላይ «ኤስቪኤም» ይባላል። ክፈቱት፣ ሴቭ አድርጉ። አንዳንድ ማሽን ላይ ሪስታርት ብቻ አይበቃም፤ ጨርሶ አጥፍታችሁ አስነሡት።

ሠራ! እናትየው ቡና አፈሉ፣ የተቀቀለ ድንች ቀረበ። ልጅቱን ግን አሁንም ቀና ብለው አላዩም።

በማግስቱ መብራት ሄደ። ሲመጣ ያው «ዲሴብልድ»! እትዬ «እኔስ ምን አልኩ!» አሉ። አፈርኩ፤ እውነቴን ነው። ኋላ ዓይኔ የማሽኑ ሰዓት ላይ ዐረፈ፤ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል። ነገሩ ገባኝ። ማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታህል ባትሪ አለች፤ «ሲአር 2032» ይሏታል። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱንና የባዮሱን ምርጫ የምትይዘው እሷ ናት። ሞታለች። ሶኬቱን ነቅለን አዲስ ባትሪ ተካን፣ ቨርቹዋላይዜሽኑን እንደገና ከፈትን። ሆን ብዬ ማታ ከሶኬቱ ነቅዬው አደርኩ። ጠዋት ሰዓቱም አልሳተ፣ ቁልፉም አልተዘጋ።

ታስክ ማናጀር «ኢኔብልድ» እያለ ኢሙሌተሩ እምቢ የሚላችሁስ? ብዙ ጊዜ ዊንዶውስ ራሱ በ«ሃይፐር ቪ» ቦታውን ይዞት ነው። የአንድሮይድ ስቱዲዮው ኢሙሌተር «ዊንዶውስ ሃይፐርቫይዘር ፕላትፎርም» ከተከፈተለት አብሮት ይሠራል። አንዳንድ የጌም ኢሙሌተሮች ናቸው የሚጣሉት። ለእነሱ ብላችሁ «ሜሞሪ ኢንተግሪቲ»ን አጥፉ የሚላችሁ አይጠፋም። የኮምፒዩተሩ መከላከያ ነውና እኔ ለጌም ብዬ አላጠፋውም። «ሃክስም» ጫኑ የሚል የቆየ ምክርም ካገኛችሁ እለፉት፤ ኢንቴል በ2023 እ.ኤ.አ. ትቶታል።

ልጅቱ ያን ዕለት የመጀመሪያ ፕሮግራሟን ከፈተች። እናትየው ስክሪኑ ላይ ያለውን ስልክ አተኩረው አይተው፣ «ይደወልበታል?» አሏት።

«አይደወልበትም፣ እማ።»

«ታዲያ ምኑን ስልክ ሆነ!»

ከአራት ቀን በኋላ ያነጋገሯት በዚህ ነው። ሳምንት እንገናኝ።