የተጻፈውና የተመረጠው

በይፋት ቆላ ለሐዘንተኛ የሚነገረው ማጽናኛ በክርስቲያኑም ሆነ በሙስሊሙ ቤት ይመሳሰላል። ክርስቲያኑ «እግዚአብሔር ያለው ነው፣ የአርባ ቀን ዕድሉ ነው» ይላል። ሙስሊሙም «ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው አይቀርም» ይላል። እነዚሁ ሰዎች ልጃቸው የሰው ንብረት ሰርቆ ቢያዝ ግን «ተጽፎበት ነው» ብለው አያልፉትም። ይቆጡታል፣ ይመክሩታል፣ የወሰደውን ያስመልሱታል። አንድ ሰው በአንድ ቀን ሁለቱን ሊናገር ይችላል፤ ጠዋት ለቅሶ ቤት ሁሉም ከፈጣሪ እንደሆነ ሲመሰክር ይውልና ማታ ልጁን «ማን አድርግ አለህ?» ብሎ ይጠይቃል።

ሁለቱ አባባሎች አብረው ይሄዳሉ? ፈጣሪ ሁሉን የሚያውቅ ከሆነ ነገ የማደርገውን ዓለም ሳይፈጠር ጀምሮ ያውቃል ማለት ነው። ታዲያ ነገ እሱ ካወቀው ሌላ ማድረግ እችላለሁ? ካልቻልኩስ በምን ሒሳብ እጠየቃለሁ?

ጥያቄው የመላው ዓለም ቢሆንም በይፋት ቆላ፣ በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ባለችው በቀወት ወረዳ ቆሞ ማንሳቱ ተገቢ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሸዋ ሮቢትና ዙሪያዋ የሁለት የቆዩ የትምህርት መስመሮች መገናኛ ናቸው። ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ጀምሮ የወላስማ ሱልጣኖች ይህን አገር ገዝተዋል። በ14ኛው መቶ ዘመን የጻፈው የደማስቆው አል-ዑመሪም የይፋት ሰዎች በአብዛኛው የሻፊዒይ መዝሀብ ተከታዮች እንደነበሩ መዝግቧል። ከዚህ የእስልምና ትምህርት ጎን በቅኔና በትርጓሜ ቤት የሚወርድ የኦርቶዶክስ ትምህርት አለ። ሁለቱም ስለዚህ ጥያቄ ብዙ አስበዋል።

መጀመሪያ ጥያቄው በሙሉ ጉልበቱ ይቅረብ። አንድ ገበሬ በድንበር ክርክር እንዲመሰክር ነገ ወረዳ ፍርድ ቤት ተጠርቷል እንበል። ድንበር የገፋው ዘመዱ ነው፤ የተገፋው ደግሞ ጎረቤቱ። እውነቱን ልናገር ወይስ ዘመዴን ላድን እያለ ሲገላበጥ ያድራል። በመጨረሻ በሐሰት ሊመሰክር ነው፤ እግዚአብሔርም ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። ያለፈውን ማንም አይለውጠውም፤ ስለዚህ ትናንት የነበረውን የእግዚአብሔር ዕውቀት ይህ ገበሬ ሊሽረው አይችልም። የእግዚአብሔር ዕውቀት ደግሞ አይሳሳትም። እንግዲህ ገበሬው ነገ እውነቱን የሚናገርበት መንገድ ከመንጋቱ በፊት ተዘግቷል ማለት ነው። ሌሊቱን የተጨነቀው በከንቱ ነው፤ ምርጫ ያለው መሰለው እንጂ አልነበረውም። ለዚህ ሙግት የክህደት ስም ሰጥቶ መሸሽ አይገባም፤ ሙግቱ የተነሣው አማኙ ራሱ ከሚያምነው ነገር ነውና።

የመጀመሪያው መልስ ማወቅና ማድረግ ለየቅል ናቸው ይላል። በቤተ ክርስቲያናችን እጅግ የሚከበረው ዮሐንስ አፈወርቅ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጉም፣ ክፉው ነገር የመጣው ጌታ አስቀድሞ ስለተናገረው አይደለም፣ የሚመጣ ስለሆነ አስቀድሞ ተናገረው እንጂ የሚል ትምህርት ሰጥቷል። የጴጥሮስ ክህደት የታወቀ ምሳሌ ነው። ዶሮ ሳይጮኽ ሦስት ጊዜ እንደሚክድ ተነግሮት ነበር፤ እንደተባለውም ካደ። ሆኖም «አስቀድሞ ተነግሮብኝ ነው» ብሎ ራሱን አልተከላከለም፤ ወጥቶ መራራ ልቅሶ አለቀሰ። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ቀኖና ውስጥ ያለው መጽሐፈ ሲራክም በ15ኛው ምዕራፉ ሰው እሳትና ውሃ ቀርቦለት እጁን ወደ ወደደው እንዲዘረጋ መተዉን ያስተምራል።

ይህን መልስ ብዙዎች በሥነ ፈለክ ያስረዱታል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ ሰማይ የታየውን ቀለበታዊ የፀሐይ ግርዶሽ ባለሙያዎች ከብዙ ዓመት በፊት እስከ ደቂቃው ያውቁት ነበር። ፀሐይን የጋረዳት ግን የእነሱ ዕውቀት አይደለም። ምሳሌው መልካም ነው፤ አንድ ቀዳዳ ግን አለበት። ባለሙያው ግርዶሹን አስቀድሞ ሊያውቅ የቻለው ጨረቃና ፀሐይ ምርጫ ስለሌላቸው ነው። ምሳሌውን ወደ ሰው ስናመጣው ሰውም እንደ ጨረቃ በተሰመረለት መስመር ብቻ የሚሄድ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ምሳሌው ዕውቀት ድርጊትን እንደማይፈጥር ያሳያል እንጂ ነፃ የሆነ ድርጊት አስቀድሞ ሊታወቅ እንደሚችል አያሳይም።

ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ሮማዊው ቦኤቲየስ በ524 እ.ኤ.አ. ገደማ እስር ቤት ሆኖ የሞት ፍርዱን ሲጠባበቅ ሌላ መንገድ ጠቁሟል። እግዚአብሔር በጊዜ ውስጥ ስላልሆነ «አስቀድሞ» አያውቅም፤ ትናንት፣ ዛሬና ነገ ሁሉ በፊቱ አሁን ናቸው። ገበሬው ሲመሰክር ችሎት ተቀምጦ የሚያየው ሰው ምስክሩን እንደማያስገድደው ሁሉ፣ ዘላለማዊ እይታም አያስገድድም። ጥልቅ መልስ ነው፤ «ያለፈው አይለወጥም» የሚለውን የሙግቱን ምሰሶ ይነቀንቀዋል። ነገር ግን ትንቢት አለ። ዕውቀቱ ወደ ሰው ጆሮ ሲደርስ፣ ለጴጥሮስ በዚያች ሌሊት ሲነገረው፣ በጊዜ ውስጥ ገብቶ ያለፈ ነገር ይሆናል። ችግሩ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም።

እስልምና ውስጥ ክርክሩ ይበልጥ ግልጽ ወጥቷል፤ በቀደር ማመን ከስድስቱ የኢማን መሠረቶች አንዱ ነውና። በመጀመሪያዎቹ መቶ ዓመታት ጀብሪያ የተባሉት ሰው በነፋስ የሚነዳ ያህል ነው አሉ። ቀደሪያና ከእነሱ በኋላ ሙዕተዚላ ደግሞ ሰው የሥራው ባለቤት ካልሆነ ቅጣቱ ፍትሕ አይደለም፣ አላህ ደግሞ ፍትሐዊ ነው ብለው ተከራከሩ። በ936 እ.ኤ.አ. ገደማ ያረፈው አቡል ሐሰን አል-አሽዐሪ መካከለኛ መንገድ ፈለገ፦ ድርጊቱን የሚፈጥረው አላህ ነው፣ ሰው ግን የራሱ ያደርገዋል፤ ይህም «ከስብ» ይባላል። ይህ ትምህርት በሻፊዒያዎች ዘንድ ሰፊ ቦታ አግኝቷል፤ የይፋት ዑለሞችም የዚያ ቤተሰብ ናቸው። በአል-አሽዐሪ ዘመን የነበረው አል-ማቱሪዲ በበኩሉ ለሰው ምርጫ ትንሽ ሰፋ ያለ ቦታ ሰጠ።

የአሽዐሪዎቹ ብርታት ፈጣሪን አለማሳነሳቸው ነው። ከሥልጣኑ ውጪ የሆነ አንድ ቅንጣት እንኳ አይተዉም። ድካማቸውም እዚያው ላይ ነው፤ ድርጊቱን አላህ ከፈጠረው ሰው «የራሱ አደረገው» ማለት በትክክል ምን ማለት እንደሆነ ከእስልምና ሊቃውንት መካከልም ብዙዎች ጠይቀዋል። ሙዕተዚላዎች በአንጻሩ ፍትሕን ይጠብቃሉ፤ በተራቸው ግን ሰው ያለ አላህ ፈቃድ የሚፈጥረው ነገር አለ ወይ የሚለው ጥያቄ ይጠብቃቸዋል።

ለተራው አማኝ ከከስብ ረቂቅ ትንተና ይልቅ የኸሊፋው ዑመር ታሪክ ይቀርባል። በ639 እ.ኤ.አ. ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ ከተባለ ስፍራ ሲደርሱ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ተመለሱ። ሰሀባው አቡ ዑበይዳ ከአላህ ውሳኔ ትሸሻለህን ብሎ ሲጠይቃቸው፣ ከአንዱ የአላህ ውሳኔ ወደ ሌላው የአላህ ውሳኔ እንሄዳለን የሚል መልስ ሰጡ። ይህ ነገር ለቆላ ሰው ሩቅ አይደለም። ወባ ባለበት አገር ከክረምት በኋላ አጎበር አንጠልጥሎ የሚያስተኛ አባት ልጁ ታመመ ቢባል «አላህ ያለው ነው» ሊል ይችላል፤ አጎበሩን ግን አላወረደም። ቀደርን ማመን አጎበርን አያስጥልም፤ አጎበሩም ከቀደር ውጪ አይደለም።

በክርስትናው ወገን ሦስተኛ መንገድም አለ። በየዓመቱ የምንጾመው የነነዌ ጾም የሚያስታውሰን ከተማይቱ እንደምትጠፋ ተነግሮ ሕዝቡ ንስሐ ስለገባ አለመጥፋቷን ነው። ዳዊትም በቅዒላ ሳለ ሳኦል ይመጣ እንደሆነ፣ የከተማው ሰዎችም አሳልፈው ይሰጡት እንደሆነ እግዚአብሔርን ጠየቀ፤ «አዎ» ተባለ። ዳዊት ወጥቶ ሄደ፤ ሳኦልም አልመጣም። እግዚአብሔር የነገረው «ብትቆይ ይህ ይሆናል» የሚለውን ነበር። በ16ኛው መቶ ዘመን ስፔናዊው ካህን ሞሊና ይህን ሐሳብ አስፍቶ፣ እግዚአብሔር እያንዳንዱ ነፃ ሰው በየትኛውም ሁኔታ ቢገባ ምን እንደሚመርጥ ያውቃል፤ በዚያም ዕውቀት ዓለምን ያስተዳድራል ብሎ አስተማረ። ነፃነቱም አገዛዙም ሳይነኩ ይቀራሉ። ነገር ግን ያልተደረገና ወደፊትም የማይደረግ ምርጫ እውነት የሚሆነው በምንድን ነው የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ ሞሊናን ይከተለዋል።

የፈጣሪ ዕውቀትና የሰው ነፃነት አይስማሙም የሚሉትም በሁለት ይከፈላሉ። አንዳንዶቹ ነፃነትን ይተዋሉ። የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪ ማርቲን ሉተር በ1525 እ.ኤ.አ. ለነፃ ፈቃድ ለተከራከረው ሊቅ ለኤራስመስ በጻፈው መልስ ሰው በድኅነቱ ጉዳይ ነፃ ፈቃድ የለውም ብሎ ተሟግቷል። ሌሎች ደግሞ ዕውቀቱን ያጠብባሉ፤ ገና ያልተመረጠ ነገር ገና ስለሌለ፣ እሱን አለማወቅ ጉድለት አይደለም ይላሉ። የመጀመሪያዎቹ ለጸጋ ይቀናሉ፤ ሁለተኞቹ ጸሎትና ምሕላ ትርጉም እንዳያጡ ይጨነቃሉ። በድርቅ ዓመት ታቦት ወጥቶ ምሕላ ሲደረግ፣ በመስጊዱም ደጅ የዝናብ ሶላት ሲሰገድ ያየ ሰው ጭንቀታቸውን ይረዳዋል። ይሁን እንጂ ነገን የማያውቅ አምላክ በሁለቱም ሃይማኖት የሚታመነው አምላክ ነው ለማለት ይቸግራል።

ክርክሩ ከመጽሐፍ ወጥቶ መሬት ሲነካ ምን እንደሚሆን የሚያሳዩ ሁለት ዘመኖች አሉን። በግንቦት 1953 ዓ.ም. ካራቆሬን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፈራርሷል። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ደግሞ በአጣዬ፣ በማጀቴ፣ በካራቆሬና በሸዋ ሮቢት አካባቢ ሰው ተገደለ፣ ቤት ተቃጠለ። በሁለቱም ጊዜ «ፈጣሪ ያመጣው ነው» ሊባል ይችላል፤ ፈጣሪ ሁለቱንም ያውቅ ነበር ብለን እናምናለንና። ነገር ግን መሬትን ስለምን ተንቀጠቀጥሽ ብሎ የሚከስ የለም፤ ክብሪት የጫረውን ግን ሕሊና ሁሉ ይከሰዋል። ዕውቀቱ ለሁለቱም እኩል ሆኖ ተጠያቂነቱ ለአንዱ ብቻ ከሆነ፣ ጥፋተኛን ጥፋተኛ የሚያደርገው ወይም ነፃ የሚያወጣው ነገር ዕውቀቱ አይደለም።

የአገሩ ዕርቅም በዚህ ይሄዳል። በይፋትና በወሎ አበጋሮችና ሽማግሌዎች ደም ለማድረቅ ሲቀመጡ ለሟች ወገን የሚነግሩት ቃልና ገዳይን የሚጠይቁት ነገር የተለያየ ነው። ሐዘንተኛው ቀኑ ደርሶ ነው፣ ፈጣሪ የወሰነው ነው እየተባለ ልቡ ከበቀል እንዲበርድ ይለመናል። ገዳዩ ግን ጥፋቱን እንዲያምንና እንዲክስ ይጠየቃል፤ «ቀኑ ደርሶ ነው» ብሎ ቢነሣ ዕርቁ ይፈርሳል። ቃሉ ያው ነው፤ ለተጎጂው ማጽናኛ ሲሆን በአጥፊው አፍ ሁለተኛ በደል ይሆናል።

ሕጋችንም የሚጓዘው በዚሁ መስመር ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንድ ድርጊት ወንጀል እንዲሆን ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮች ተሟልተው እንዲገኙ ይጠይቃል። ከአቅም በላይ በሆነ ኃይል ወይም በድንገተኛ አጋጣሚ የደረሰ ነገር አያስቀጣም። ዳኛው የሚመረምረው ተከሳሹ አስቦ ወይም ቸልተኛ ሆኖ ማድረጉን ነው። በማረሚያ ቤቷ በመላ አገሪቱ በምትታወቀው ሸዋ ሮቢት ይህ የንድፈ ሐሳብ ወግ አይደለም፤ በዚያ ያለው ታራሚ የዓመታት ዕድሜው የተመዘነው በዚህ ሚዛን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይባል። ሁለቱም ሃይማኖቶች ሁሉን የሚያውቅ አምላክ እያመለኩ ጥንቆላንና ኮከብ ቆጠራን ያወግዛሉ። በ15ኛው መቶ ዘመን የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጠንቋዮችን አጥብቀው እንደተዋጉ ይታወቃል። የነገው ዕውቀት የፈጣሪ ነው፤ ለሰው የተሰጠው ትእዛዝና ሕሊና ነው። «ተጽፎልኛል» ብሎ ወደ ጥፋት የሚሄድ ሰው ያላነበበውን ጽሕፈት ምክንያት ያደርጋል። ተጽፎ የነበረው መመለሱ እንዳልሆነ በምን አወቀ?

ሚዛኑን ሳየው፣ ዕውቀት ብቻውን ነፃነትን ይሽራል የሚለው ሙግት አላሳመነኝም። ገበሬው በሐሰት መመስከሩን ፈጣሪ የሚያውቀው ገበሬው ስለሚመሰክር ነው፤ እውነቱን የሚናገር ቢሆን ኖሮ ከጥንት የሚታወቀውም ያው እውነት በሆነ ነበር። በዚህ ነጥብ የአፈወርቅ ትምህርትና የዑመር ምላሽ ይገናኛሉ ብዬ አምናለሁ። የሚከብደው ጥያቄ ግን ከዚህ ያልፋል፦ አዋቂው ራሱ ፈጣሪም ነው። ማን ምን እንደሚመርጥ እያወቀ ይህን ሰው፣ በዚህ ቤት፣ በዚህ ዘመን ፈጠረ። ባለሙያው ግርዶሹን ያውቃል እንጂ ጨረቃን አልሠራም። የዕውቀት ጥያቄ ቢፈታ እንኳ የፈጠራ ጥያቄ ይቀራል፤ አሽዐሪዎችንና ሙዕተዚላዎችን፣ ሉተርንና ኤራስመስን ያጣላው እሱ ነው። እሱን ጨርሶ የፈታ አንድ ወገን አላየሁም፤ ፈታሁ የሚል ሁሉ ወይ ከፈጣሪ ሥልጣን ወይ ከሰው ተጠያቂነት ጥቂት ቆርሶ ነው።

ያ እስኪፈታ ግን በእጃችን ያለው ይበቃል። ለደረሰብን መከራ «ፈጣሪ ያውቃል» ማለት መብታችን ነው፤ ብዙ ሰው ቆሞ የሄደው በዚህ ቃል ነው። ለምናደርሰው በደል ግን ያንኑ ቃል የመጠቀም መብት የለንም። ሰባኪውም ኢማሙም ሽማግሌውም ይህን ልዩነት አጥብቀው ቢያስተምሩ፣ የሊቃውንቱ ክርክር ሳያልቅ እንኳ ሕዝቡ አብሮ የሚኖርበት እውነት ይይዛል።