የአባባ ስም ያለበት ጌም

 

ክረምት ሲገባ ደብረ ታቦር ላይ ሰው ቤቱ ይከተታል። ጉና ጉሙን ሳይገልጥ ቀኑ ይመሻል። ዝናቡ ሲያባራ ብርዱ ይተካል፤ ብርዱ ቢሻል ጭቃው አያስወጣም። የልጅ ልጆቻችን ደግሞ ትምህርት ተዘግቶ የሚመጡልን በዚሁ ወቅት ነው። ለሁለት ቀን ድንቹም፣ የገብስ ቆሎውም ይጥማቸዋል። በሦስተኛው ቀን «እማማ፣ ደበረኝ!» ይመጣል።

ባለፈው ክረምት ከባሕር ዳር የመጣው የዘጠኝ ዓመቱ የልጅ ልጄም እንደዚሁ አለኝ። ስልኬን ሰጠሁት። እዚያ ላይ ካሉት ጌሞች አንዱ ኢንተርኔት ይጠይቃል፣ ሌላው ማስታወቂያ እያመጣ ያቋርጠዋል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ከተቋረጠ ወዲህ፣ እኔ ኔትን ተማምኜ ለልጅ ቃል አልገባም። ልጁ ስልኩን መለሰልኝና፣ «አባባ ይጫወተው የነበረውን ጌም ክፈቺልኝ። አባዬ ኮምፒውተሩ ላይ አለ ብሎኛል» አለኝ።

ደንገጥ አልኩ። ለምን እንደደነገጥኩ ልንገራችሁ።

ባለቤቴ መምህር ነበር፤ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው። እኔ ደግሞ እስከ ጡረታዬ ድረስ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ኮምፒውተር ቤታችን ያስገባነው ልጆቹ ይማሩበታል ብለን ነው። እውነቱን ለመናገር ከልጆቹ እኩል የተጫወተበት እሱ ነው። ከሥራ ባልደረባው በፍሎፒ ዲስክ ያመጣው «ፕሪንስ ኦፍ ፐርሺያ» የሚባል ጌም ነበር። ነጭ የለበሰ ወጣት ከእስር ቤት አምልጦ፣ ጉድጓድ እየዘለለ፣ ወጥመድ እያለፈ፣ በ60 ደቂቃ ውስጥ ልዕልቲቱን ማዳን አለበት። የተሳካለት ተጫዋች መጨረሻ ላይ ስሙን ይጽፋል፤ ጌሙም ስሙንና የተረፈውን ጊዜ ይመዘግባል። መዝገቡ የሚይዘው ስድስት ስም ብቻ ነው።

የእኛ ቤት መዝገብ ሞልቶ ነበር። አምስቱን መስመር ልጆቼና የጎረቤት ልጆች ይዘውታል። በስድስተኛው መስመር ላይ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ «አባባ» ይላል። የተረፈው ሁለት ደቂቃ ነው። ለዚያች መስመር ስንት ሌሊት እንዳመሸ የማውቀው እኔ ነኝ። የተማሪ ፈተና አርሞ ሲጨርስ «አንዴ ብቻ» ብሎ ይቀመጣል፤ ራቱ ይቀዘቅዛል። ኮምፒውተሩ በኋላ ቢቀየርም ጌሙ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተገለበጠ አብሮን ኖረ።

እንግዲህ ያንን ኮምፒውተር ከክረምቱ በፊት ጥገና ቤት ወስጄው ነበር። የተጫነበት ዊንዶውስ ኤክስፒ ነው። ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ የደኅንነት ማሻሻያ መላክ ያቆመው በ2006 ዓ.ም. ነው። ድረ ገጾች አንከፈትም ይሉኛል፣ በፍላሽ የሚመጡልኝ ሰነዶችም አይነበቡም። ራም ተጨምሮበት ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ 10 እንዲጫን ተስማማን። ባለሙያው ጨዋ ልጅ ነው፤ አስቀድሞ ጠይቆኛል።

«እማማ፣ ሲ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ ዲ ላይ ያለው ግን አይነካም። የሚፈልጉት ነገር አለ?»

«ደብዳቤዎቼ ዲ ላይ ናቸው፤ ሌላ የለኝም» አልኩት።

ጌም የሚባል ነገር ትዝም አላለኝ። ለእኔ ጌም ከንብረት የሚቆጠር አልነበረም።

አሁን ከልጅ ልጄ ጋር ፍለጋ ጀመርን። መጀመሪያ ያገኘነው የታናሹ ልጄን «ቫይስ ሲቲ» ነው፤ የመኪናና የሽጉጥ ጌም ስለሆነ ድሮም አልወደውም። ጌሙ ዲ ላይ ነበርና ተርፏል። ልጄ የደረሰበትን ደረጃ የያዘውን ፋይል ግን ጌሙ የሚያስቀምጠው «ማይ ዶክዩመንትስ» ውስጥ ነው፤ እሱ ደግሞ ሲ ላይ ነው። ያ ሁሉ የወጣትነት ድካሙ በፎርማት ሄደ። በስልክ ስነግረው ሳቀ፤ ከሳቁ በኋላ ግን ትንሽ ዝም አለ።

የባለቤቴ ጌም ደረጃውንም የስም መዝገቡንም የሚያስቀምጠው ራሱ ጌሙ ባለበት ፎልደር ውስጥ ነው። ፎልደሩ ዲ ላይ፣ ከደብዳቤዎቼ አጠገብ ተገኘ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ልጁ ቶሎ ብሎ ከፈተው። ኮምፒውተሩም ይህ ፕሮግራም እዚህ ኮምፒውተር ላይ ሊሠራ አይችልም የሚል ሰማያዊ ጽሑፍ አወጣ።

«እማማ፣ ሞተ?» አለኝ ልጁ።

አልሞተም። ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ጌም የተሠራው ለዶስ ነው። ዶስ ማለት ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ እየጻፍን የምንሠራበት የድሮው ሥርዓት ነው፤ የእኔ ዕድሜ ጸሐፊዎች ያስታውሱታል። የዚያ ዘመን ፕሮግራሞች 16 ቢት ናቸው። ቤታችን የነበረው ኤክስፒ 32 ቢት ስለሆነ እነሱን የሚያስተናግድ ክፍል በውስጡ ነበረው። 64 ቢት የሆኑት ዊንዶውሶች ያ ክፍል የላቸውም። ጌሙ አንድ ነገር ሳይጎድልበት ተቀምጦ ቋንቋውን የሚሰማ ሰው ያጣል።

ይህ ለእኛ አገር ሰው አዲስ አይደለም። በድሮው ፓወር ግዕዝ የጻፍነውን ደብዳቤ ያ ፊደል ባልተጫነበት ኮምፒውተር ስንከፍተው ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። «ለክቡርነትዎ» ያልነው የነጥብና የምልክት ክምር ይሆናል። የድሮዎቹ ሶፍትዌሮች ፊደላችንን በእንግሊዝኛው ቦታ ላይ ደርበው ያስቀምጡት ነበር። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሰንጠረዥ የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ደብዳቤው ግን አልጠፋም፤ ፊደሉን ብትጭኑለት ተመልሶ ይነበባል። ጌሙም እንደዚያው ነው።

የጎረቤታችን ልጅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ነገሩን ብነግረው፣ «እትዬ፣ ይሄማ ቀላል ነው» ብሎ በማግስቱ በፍላሽ አንድ ትንሽ ፕሮግራም አመጣልኝ። ዶስቦክስ ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በነፃ የሚታደል፣ በአዲሱ ኮምፒውተር ውስጥ የድሮውን ኮምፒውተር አስመስሎ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። አጠቃቀሙን ካየሁ በኋላ እኔም ቻልኩት። የጌሙን ማስጀመሪያ ፋይል በማውስ ይዞ ጎትቶ የዶስቦክስ ምልክት ላይ መልቀቅ ነው፤ በቃ። ጌሙ ከፈጠነ ኮንትሮልን ይዞ ኤፍ11ን መጫን፣ ካዘገመ ኤፍ12ን። ስክሪኑን እንዲሞላ ከተፈለገ አልት እና ኢንተር።

ያ ሙዚቃ ሲጀምር ከወጥ ቤት ሮጬ መጣሁ። ምንም ሳንነካ ስንጠብቅ የመግቢያው ታሪክ አለፈ፤ ከዚያ የስም መዝገቡ መጣ። ልጁ በጣቱ እየቆጠረ ወረደ። ስድስተኛው ላይ ቆመ።

«አባባ!»

ስለዚህ ጌም በኋላ የሰማሁት አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ። የሠራው ጆርዳን መክነር የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣውም እ.ኤ.አ. በ1989 አፕል 2 ለሚባለው ኮምፒውተር ነው። የወጣቱ አሯሯጥና አዘላለል እውነተኛ እንዲመስል፣ ታናሽ ወንድሙን ነጭ አልብሶ ሲሮጥና ሲዘል በቪዲዮ ቀርጾ፣ ከዚያ ላይ ነው የሣለው። ሙዚቃውን የደረሱለት አባቱ ናቸው። ጌሙ የተጻፈበት ዋናው ኮድ ግን ከጊዜ በኋላ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ2012 አባቱ ቤታቸው ውስጥ በሣጥን የተቀመጡ የድሮ ዲስኮች አገኙና ላኩለት። የድሮ ዲስክ ማንበብ የሚያውቁ ሰዎች ረድተውት ኮዱ ተገኘ፤ ማንም እንዲያየው ይፋ አደረገው። የዓለም ሰው የሚያውቀው ሥራ የተረፈው አንድ አባት የልጁን ዕቃ ስላልጣለ ነው።

ይህን ዛሬ የማነሳላችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ስለዚህ ብዙዎቻችሁ «ወደ 11 ይቀየርልዎ» መባላችሁ አይቀርም። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ባለ 32 ቢት የለውም፤ ሁሉም 64 ቢት ነው። ኮምፒውተራችሁን ለጥገና ከመስጠታችሁ በፊት የእኔን ስህተት እንዳትደግሙ ጥቂት ልበል።

አንደኛ፣ ልጆቻችሁን ጠይቁ። ካደጉና ከሄዱም ደውሉላቸው። «እዚህ ኮምፒውተር ላይ የምትፈልጉት ነገር አለ?» ማለት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ የጌሙን ፎልደር በሙሉ፣ «ማይ ዶክዩመንትስ» ውስጥ ያለውንም ጨምራችሁ ፍላሽ ላይ ገልብጡ። ለአንዱ ጌም የደረሱበት ደረጃ ያለው እዚህ፣ ለሌላው እዚያ ነውና ሁለቱንም መውሰድ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ጌሙ የዶስ ሳይሆን የኤክስፒ ዘመን ከሆነ ሌላ መንገድ አለው። የጌሙ ምልክት ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ከዚያ «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያ «ኮምፓቲቢሊቲ» የሚለውን ከፍታችሁ ዊንዶውስ ኤክስፒን ምረጡለት። ኮምፒውተሩ ለጌሙ ኤክስፒ መስሎ ይቀርበዋል። አንዳንዱ ጌም «ዳይሬክትፕሌይ» የሚባል ነገር ይጎድለኛል ብሎ ይጠይቃል። የዊንዶውስ የድሮ ክፍል ነው፤ እንዲጭነው ፍቀዱለት።

ሦስተኛ፣ እምቢ ያለውን አትታገሉት። በሲዲ ይሸጡ ከነበሩት ጌሞች አንዳንዶቹ ኮፒ እንዳይደረጉ የተቆለፉበት ቁልፍ ለኮምፒውተሩ ደኅንነት አደጋ ሆኖ ስለተገኘ፣ ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ አይሠራም። ልጆች ቁልፉን የሚሰብር ፋይል ካላወቁት ቦታ ሲያወርዱ ቫይረስ ይዘው ይመጣሉ። ለአንዳንዶቹ አዲስ እትም ወጥቶላቸዋል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» በ2019 ታድሷል። ከ2015 ጀምሮ ኢትዮጵያውያንም ገብተውበታል፤ የዮዲት ታሪክም አለበት።

አራተኛ፣ አሮጌው ኮምፒውተር እየሠራ ከሆነ አትጣሉት። ኢንተርኔት ሳይገናኝ፣ ከነኤክስፒው ለልጆች ጥግ ላይ ይቀመጥ። ያለ ኔት የሚሠራ ጌም በእኛ አካባቢ ትልቅ ነገር ነው።

ወደ ልጁ ልመለስ። ሳምንቱን ሙሉ ወደቀ፣ ተወጋ፣ እንደገና ጀመረ። አንድ ቀን ድንገት ኪቦርዱን ለቀቀና ዞሮ አየኝ።

«እማማ፣ እኔ ከጨረስኩት አባባ ይወጣል ማለት ነው?»

ስድስት ስም ብቻ ነው የሚይዘው ብያችኋለሁ። ከአባባ የተሻለ ጊዜ ይዞ አንድ አዲስ ስም ከገባ የመጨረሻው ይወርዳል። የምመልሰው አጣሁ። ልጁም ገብቶት ኮምፒውተሩን ዘጋው። በዚያ ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። አትንካው ብዬ ልቆልፈው? ታዲያ ማን ሊጫወተው ነው የተረፈው? ባለቤቴ ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረው የሰው ልጅ እንዲበልጠው ነው። ተማሪዎቹ ሐኪም ሆነው ሲመጡ የሚደሰተውን ደስታ አይቼዋለሁ።

ጠዋት ተነሥቼ ፎልደሩን ሁለት ፍላሽ ላይ ገለበጥኩ። አንዱን ከጋብቻ ወረቀታችን ጋር አስቀመጥኩት፤ ሁለተኛውን ለልጄ ላኩለት። ከዚያ ልጁን ጠራሁት።

«አባባን አስቀምጬዋለሁ፤ የትም አይሄድም። አንተ ተጫወት።»

ለቡሄ ከሰፈር ልጆች ጋር ሲጨፍር አምሽቶ፣ ሙልሙሉን እንደያዘ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። ትምህርት ሊጀምር ሲሄድ ገና ሦስተኛው ደረጃ ላይ ነበር፤ እዚያ የሚነሣው አጽም ያስፈራዋል። «ለገና መጥቼ እጨርሰዋለሁ» ብሎኛል። በየሳምንቱ ይደውላል፤ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «እማማ፣ ኮምፒውተሩን ፎርማት አላስደረግሽውም አይደል?»

አላስደረግኩትም። እናንተም ከማስደረጋችሁ በፊት ውስጡን እዩ።

ቸር እንሰንብት።