ቁልፉን ቀምታችሁስ በምን ይሂዱ?

በየቤቱ አዲስ ችሎት ተቋቁሟል። ተከሳሹ ሽማግሌ አባት፣ ዳኞቹ ልጆች፣ ማስረጃው የተጫረ ፓራፋንጎ። ፍርዱም አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ «ከእንግዲህ መኪና እንዳይነዱ!»

አጎቴ 79 ዓመታቸው ነው። ከደርግ ዘመን ጀምሮ አብራቸው የኖረች ቮልስ አለቻቸው። (በአገራችን መሪ ጨብጦ አልለቅም ያለ ሰው እሳቸው የመጀመሪያው አይደሉም፤ እሱን ለሌላ ቀን እናቆየው።) ባለፈው ክረምት የግቢውን በር ሁለቴ ጨረፉና ዘመድ ተሰበሰበ። ከአሜሪካ የደወለችው ልጃቸው «ቁልፉን ደብቁት» አለች። እዚህ ያለው ወንድሟ ይባስ ብሎ ባትሪውን ነቅሎ «ተበላሸች» አላቸው። ይታያችሁ! ያችን ቮልስ ብሎን በብሎን ለሚያውቁ ሰው! በማግስቱ መካኒክ ይዘው መጡና ጉዱ ወጣ።

እርግጥ ነገሩ ቀልድ አይደለም። በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ከሚሞተው አብዛኛው እግረኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ቶኪዮ ውስጥ የ87 ዓመት ሽማግሌ ፍሬን የረገጡ መስሏቸው ነዳጅ ረግጠው እናትን ከ3 ዓመት ልጇ ጋር ገድለዋል። በዚያው ዓመት የእንግሊዙ ልዑል ፊሊፕ በ97 ዓመታቸው መንጃ ፈቃዳቸውን የመለሱት ተጋጭተው ሁለት ሴቶች ከተጎዱ በኋላ ነው። ታዲያ እስኪጋጩ ይጠበቅ?

«መንጃ ፈቃድ ሲታደስ የጤና ምርመራ አለ» ትሉኝ ይሆናል። ኧረ ወዲያ! ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ግድግዳ ላይ ፊደል መለየት ሌላ፣ ማታ በዝናብ፣ ረጅም መብራት ዓይን እየወጋ እግረኛ ማየት ሌላ።

ዕድሜ ብቻውን ግን አያስፈርድም። ጫት ሲቅም አድሮ መሪ የሚጨብጠውን ጎረምሳ ማን ሰበሰበው? እኔ ሦስት ቀን ከአጎቴ ጎን ተቀምጬ አየሁ። በሰፈር ውስጥ እንከን የላቸውም። አደባባይ ሲገቡ ግን ከግራ የሚመጣውን ሚኒባስ የሚያውቁት ጥሩምባ ሲነፋባቸው ነው። ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድን። የዓይን ሞራ ቢሆን በቀዶ ሕክምና ተወግዶ ወደ መሪያቸው በተመለሱ ነበር። ግላኮማ ሆኖ ተገኘ። እሱ የጎን እይታን ቀስ እያለ ይሰርቃል፤ የሄደውም አይመለስም።

«ጋሼ፣ ይብቃዎት» አልኳቸው፤ ፊት ለፊት፣ ያለ ተንኮል። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ለኪዳን ማን ሊያደርሰኝ ነው? የእድር ለቅሶስ?» አሉኝ።

ያ ሁሉ ዘመድ ተሰብስቦ ይህን የጠየቀ አልነበረም! በ79 ዓመታቸው የታክሲ ሰልፍ ይቁሙ? ወይስ ቴሌቪዥን ፊት ታስረው ይዋሉ? ቁልፍ የሚቀበል ልጅ ማን መቼ እንደሚያደርሳቸው አስቀድሞ ይናገር። ከአሜሪካ «ደብቁት» ያለችውም የታክሲውን ሒሳብ ትላክ። እስካሁን ቅዳሜን እኔ፣ እሁድን የእህቴ ልጅ ይዘናል። አምስቱ ቀን ባለቤት የለውም።